አንድ ፊልም ደጋግሜ በማየቴ ባሌ ቀዘቀዘብኝ

ጥያቄ፦

«እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የሌሎቹ ደብዳቤ ከባድ ከባድ ጉዳይ ስለሆነ የእኔን ለመጻፍ ሳፍር ቆይቻለሁ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ካገባሁ 9 ዓመቴ። ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። እኔ ቀን ቀን አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። እሱ ዲሲ አንድ ፓርኪንግ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ነው። እኔ ልወጣ ጫማዬን ሳስር እሱ ጫማውን ሊያወልቅ ይገባል። ልጅ ገና አልሰጠንም።

ማታ ራቴን በልቼ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ ሶፋ ላይ ፊልም አያለሁ። ችግሩ የማየው ፊልም አንድ መሆኑ ነው፤ ‹ዌን ሃሪ ሜት ሳሊ› የሚባለው ያ የድሮ ሮማንቲክ ኮሜዲ። ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቆጥሬ አላውቅም። ንግግሩን ከእነሱ ቀድሜ እናገራለሁ። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አልጀምርም፤ ሲደክመኝ ሁለቱ በየቤታቸው ተኝተው በስልክ የሚያወሩባትን ቦታ ብቻ ከፍቼ አይና እተኛለሁ።

ባለፈው ባለቤቴ ኦፍ ሆኖ ቲቪውን ሲከፍት ያው ፊልም መሃል ላይ ቆሞ አገኘው። ከዚያ በፊትም ሁለት ሦስቴ አይቶ ዝም ብሎ ነበር። ‹እኔ እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ አድራለሁ፣ አንቺ እዚህ ከፈረንጅ ጋር ትሽኮረመሚያለሽ› አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ፤ እሱ አልሳቀም። ቆየት ብሎ ደግሞ ‹ይሄ ሰውዬ የሚያስታውስሽ ሰው አለ እንዴ?› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ እንኳ ባይሆን ቀዝቅዟል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ‹ሱስ ነው፣ ቶሎ ተዪው› ትለኛለች። ንስሐ አባቴን ላማክር ብዬ ደግሞ ‹አባ፣ ሮማንቲክ ኮሜዲ አበዛሁ› ማለት አሳፈረኝ።

ይሄ ነገር በሽታ ነው? ደግሞ እሱም አብሮኝ ሊያየው የሚችል፣ ቢደጋገም የማይሰለች ሌላ ፊልም ካለ ይንገሩኝ።

ሃሪና ሳሊን ያበዛሁት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

መልስ፦

ልጄ፣ በሽታም አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። ንስሐ አባትሽ ብዙ ጣጣ አለባቸው፤ በዚህ አታድክሚያቸው።

እህትሽ «ሱስ» ያለችውንም አልቀበላትም። የጥላሁንን አንድ ዘፈን ሺህ ጊዜ የሰማ ሰው ሱሰኛ አይባልም፤ እንዲያውም ጆሮ አለው ይባላል። አርሰናል ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላበትን የ2003/04 ዓመት ጎሎች ዛሬም እየመለሰ የሚያይ ስንት ወንድ አውቃለሁ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ ፊልሞቹም የፈረንጅ ናቸውና)። ውጤቱ ጠፍቶት ነው? ኳሱ መረብ ውስጥ እንደሚገባ እያወቀ ከወንበሩ ብድግ ይላል። ባልሽ ኳስ የሚወድ ከሆነ ይሄን ንገሪው፤ ሁለተኛ አይከራከርሽም።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር፤ አንቺው ቀድመሽ ጽፈሽልኝ አገኘሁት። መልሰሽ መልሰሽ የምታዪው የቱን ቦታ ነው? ለምን እንደምጠይቅ ልንገርሽ።

በሰማንያዎቹ፣ ይሄኛው እንኳ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ሰፈራችን ውስጥ የቪዲዮ ካሴት የሚያከራይ ልጅ ነበር። ጠባብ ሱቅ፣ ግድግዳው እስከ ጣሪያው ካሴት። ወደ ኋላ ሳያጠነጥን የሚመልስ ሰው ይቀጣ ነበር። ካሴት ሲመለስለት ዴኩ ውስጥ ከትቶ እያሮጠ ይፈትሻል። አንድ ቀን ቆሜ ሳይ ምስሉ ድንገት ተንቀጠቀጠና ነጭ ነጭ መስመር ዘነበበት። «ተበላሸብህ» ብለው ሳቀ። «አይ፣ እዚህ ጋ ሰው ይወዳል» አለኝ። ሰው አቁሞ የሚያየው፣ ደጋግሞ የሚያጠነጥነው ቦታ ላይ ክሩ ያልቃል። የካራቴ ፊልም የሚያልቀው የመጨረሻው ድብድብ ላይ ነው፤ የህንድ ፊልም ዘፈኑ ላይ። ያን ቀን የሚፈትሸው ግን የአሜሪካ የፍቅር ፊልም ነበር። መሳሳሙ ላይ ያለቀ መስሎኝ ጠጋ ብዬ አየሁ። ባልና ሚስት ቆመው ሳህን እያጠቡ ይጨቃጨቃሉ። በቃ። «ይሄን ካሴት የምትመላለስበት አንዲት ሴት ናት» አለኝ። ማን እንደሆነች ብለምነው፣ ብለምነው እንቢ አለ።

አሁን ካሴት የለም። ያንቺ ክር የት ላይ እንዳለቀ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ አለ። ፊልሙን ላላዩት አንባቢዎቼ ያቺን ቦታ ልንገራቸው። ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል። በአንዱ በኩል ሃሪ በአልጋው ላይ፣ በሌላው በኩል ሳሊ በአልጋዋ ላይ። ስልኩ ጆሯቸው ላይ ነው፤ ሁለቱም በየቲቪያቸው የ1942ቱን «ካዛብላንካ» እያዩ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ገና ሳይግባቡ፣ ከቺካጎ ኒውዮርክ በአንድ መኪና ሲጓዙ ስለዚሁ ፊልም ተከራክረው ነበር። ሳሊ ያን ጊዜ፣ ሴትዮዋ ከባለ ቡና ቤቱ ጋር ካዛብላንካ ከምትቀር ከባሏ ጋር አውሮፕላኑ ላይ መውጣቷ ደግ አደረገች ብላ ድርቅ ብላ ነበር። አሁን ሃሪ ሲያስታውሳት ዓይኗን በጨው አጥባ «እኔ እንደዚያ አላልኩም» ትላለች። ማንም አይሳሳምም፣ ማንም አያለቅስም። ሁለት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች፣ በሁለት ቤት፣ በአንድ ሰዓት አንድ ነገር እያዩ ያወራሉ።

አንቺ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሶፋ ላይ ብቻሽን ነሽ። ባልሽ የፓርኪንጉ ቡዝ ውስጥ ብቻውን ነው። ይሄን ለማየት ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም፤ እንዲያው አንቺ መሃሉ ውስጥ ስላለሽ አልታየሽ ይሆናል እንጂ። እኔ እንደገባኝ አንቺን የያዘሽ ስልኩ ነው። ሃሪማ ምኑ ይያዛል! የወይን ዘር በተዘጋ የመኪና መስታወት ላይ የሚተፋ ነገረኛ ሰው ነው።

እንዲያ ስል ፊልሙን እያጣጣልኩት እንዳይመስልሽ፤ እኔም ከሚወዱት ነኝ። በ1989 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ሮብ ራይነር ያን ጊዜ ትዳሩ ፈርሶ ላጤ ሆኖ ነበር። ጸሐፊዋ ኖራ ኤፍሮን አስቀምጣ ስለ ወንደላጤ ኑሮው ታወጣጣው ነበር፤ የሃሪ ጨለምተኝነት የተቀዳው ከራሱ ከሰውየው ነው። ሳሊ ምግብ ስታዝ «ይሄ ለብቻው ይምጣልኝ፣ ያኛው ከሌለ ተዉት» እያለች አስተናጋጅ የምታሰቃየው ደግሞ የጸሐፊዋ የራሷ ጠባይ ነበር። መጀመሪያ ሲጻፍ ሃሪና ሳሊ መጨረሻ ላይ አይጋቡም፤ በየመንገዳቸው ይሄዳሉ። ቀረጻው ላይ ሳለ ዳይሬክተሩ ኋላ ሚስቱ ከሆነችው ሴት ጋር ተዋወቀና መጨረሻውን ቀየረው። በየመሃሉ ሶፋ ላይ ተቀምጠው እንዴት እንደተጋቡ የሚያወሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተዋናዮች ናቸው፤ ታሪኩ ግን ከእውነተኛ ባልና ሚስቶች የተሰበሰበ ነው። ባልሽ «ፊልም ነው እኮ ይሄ» ሲልሽ ይሄን ይሄን ታጫውቺዋለሽ። ሳሊ ምግብ ቤት ተቀምጣ የመኝታ ቤት ድምፅ አስመስላ የምታሰማበትን ትዕይንት ግን፣ አማትሽ ለጥየቃ የመጡ ዕለት እንዳታሳዪያቸው። የጎረቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው «እሷ የበላችውን አምጡልኝ» የሚሉት ሴትዮ የዳይሬክተሩ የራሱ እናት ናቸው፤ ያንቺ አማት ግን እንደሳቸው የሚጫወቱ መሆናቸውን በምን አውቃለሁ?

ወደ ባልሽ እንመለስ። የተናገረውን እንደገና አንብቢው። «እኔ እዚያ ብርድ ላይ ቆሜ» ብሎ ነው የጀመረው። ፈረንጁ ከኋላ የመጣ ነው፤ የመጀመሪያው ነገር ብርዱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሰው መኪና ሲያስገባና ሲያስወጣ አድሮ፣ ኦፍ የሆነባት አንድ ቀን ቲቪ ሲከፍት አንቺ ያለ እሱ የሳቅሽበትን ቦታ ያገኛል። ስክሪኑ ላይ እንደቆመ። ሰው ቤት ውስጥ እንግዳ የሆነ የሚመስለው በእንደዚህ ያለ ጥቃቅን ነገር ነው። አንቺም ሳቅሽበት። ባታስቢው ነው፣ ግን ሳቅሽበት።

ሌላም ነገር አለ። «የሚያስታውስሽ ሰው አለ እንዴ?» ሲልሽ ምን እንደመለስሽለት አልጻፍሽልኝም። ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት፤ የለም። ዝም ብለሽ ያለፍሽው ይመስለኛል፤ «ምን የማይረባ ጥያቄ ነው» ብለሽ። የእኛ ሀገር ወንድ እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ ስንት ቀን እንደሚያምጥ ታውቂያለሽ? መልሺለት። ኮስተር ብለሽ፣ ዓይኑን እያየሽ። እውነቱን ከነገርሽው፣ ማለትም የምታዪው እንዲያው ሌሊት ስልክ የሚያወራሽ ሰው ስለናፈቀሽ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ፊልሙን ለማስረዳት መድከም የለብሽም።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ። የሮማንቲክ ኮሜዲን መጨረሻ ፖስተሩ ላይ ታውቂዋለሽ፤ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ቆመው ይታያሉ፣ አለቀ። ስለዚህ በመጨረሻው ላይ የተንጠለጠለ ፊልም አንዴ ታይቶ ያልቃል። ተደጋግሞ የሚታየው መሃሉ የሚጥመው ነው፤ ሰዎቹ ምንም ትልቅ ነገር ሳያደርጉ ሲያወሩ፣ ሲበሉ፣ ሲጣሉ ደስ የሚሉት።

ለባልሽ የምመርጠው አንደኛው ፊልም «ዘ አፓርትመንት» ነው፤ የቢሊ ዋይልደር፣ የ1960። ጥቁርና ነጭ ነው፤ እንዳትፈሪው። ጃክ ሌመን የሚጫወተው ባክስተር የሚባል ምስኪን፣ ኒውዮርክ ውስጥ አንድ ግዙፍ የኢንሹራንስ ድርጅት ጸሐፊ ነው። ላጤ ነው፤ አንዲት አፓርታማ አለችው። አለቆቹ ከሚስታቸው ተደብቀው የሚማግጡበት ቦታ ሲቸግራቸው የሱን ቁልፍ ይዋሳሉ። እድገት እንሰጥሃለን እያሉት እሱም እሺ ይላል። እነሱ ቤቱ ውስጥ ሲዝናኑ ባለቤቱ ውጪ ብርድ ላይ ቆሞ ይጠብቃል! አንድ ሌሊት ከአልጋው አስነስተው አባረውት ሴንትራል ፓርክ አግዳሚ ወንበር ላይ ኮቱን ደርቦ ያመሻል። በማግስቱ ቢሮ አፍንጫው ታፍኖ፣ በመሃረብና በአፍንጫ መድኃኒት መሃል፣ ቁልፉ ለማን በየትኛው ቀን እንደሚደርስ በስልክ ያሸጋሽጋል፤ አንዱን ከሐሙስ ወደ ዓርብ፣ ሌላውን ከዓርብ ወደ ሌላ ቀን። ይሄን የሚያይ የሌሊት ሠራተኛ ካልሳቀ እኔን ውቀሺኝ።

ደግሞ የሚወዳት አለች፤ ሸርሊ ማክሌይን፣ የአሳንሰር ሠራተኛዋ። የፊልሙን ታሪክ አልነግርሽም። ግን አንድ ቦታ ላይ ባክስተር ለእሷ ስፓጌቲ ሲሠራ ማጥለያ ስለሌለው በቴኒስ ራኬት ያጠልለዋል። ፓስታው በራኬቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ እሱ እያንጎራጎረ። ብቻውን የሚኖር ወንድ ማጀት ምን እንደሚመስል ያቺ ራኬት ትነግርሻለች፤ እሷ እዚያ በመሆኗ ምን ያህል ደስ እንዳለው ደግሞ ዜማው። ይሄ ፊልም የዓመቱን ምርጥ ፊልም ጨምሮ 5 ኦስካር ወስዷል። እኔ ቢጠይቁኝ አንዱን ለራኬቷ እሰጥ ነበር። መጨረሻውም መሳሳም የለበትም፤ ካርታ ጨዋታ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ መሃል ላይ በገና ዋዜማ አንድ ሰው ራሱን ለማጥፋት የሚሞክርበት ከባድ ቦታ አለ። ሁለታችሁም ሆድ የባሳችሁ ቀን ከሆነ ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ሁለተኛው ከዚህም ይብሳል በዕድሜ፤ የ1934ቱ «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት»። ክላርክ ጌብልና ክሎዴት ኮልበርት ናቸው። ካባቷ ጠፍታ ከማያሚ ወደ ኒውዮርክ በአውቶቡስ የምትጓዝ የሀብታም ልጅና ከሥራ የተባረረ ጋዜጠኛ። ገንዘብ ስላነሳቸው መንገድ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው ማደር ግድ ይሆንባቸዋል። ሰውየው ምን ያደርጋል? በሁለቱ አልጋ መሃል ገመድ ወጥሮ ብርድ ልብስ ይሰቅልና «ይሄ የኢያሪኮ ግንብ ነው» ይላታል፤ ብቻ እኔ መለከት የለኝም፣ አትፍሪ እንደማለት። መጽሐፈ ኢያሱን እየሰማን ላደግን ለእኛ ይሄ ቀልድ ከፈረንጁም ይበልጥ የሚገባን ይመስለኛል። ፊልሙን ሙሉ ያ ብርድ ልብስ አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለቱን አናያቸውም፤ የምናየው ውጪ ጨለማ ውስጥ የቆሙትን የማደሪያውን ባለቤቶች፣ ባልና ሚስት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ገመድና ብርድ ልብስ፣ በዚያ ላይ መለከት ለምን ፈለጉ ብለው ግራ ሲጋቡ። ከዚያ መለከቱ ይሰማል። ብርድ ልብሱ ይወድቃል። መብራቱ ይጠፋል። ከዘጠና ዓመት በላይ የሆነው ፊልም ነው፣ ከዚያ ወዲህ የተሻለ ጨዋ አዘጋግ አላየሁም። ኮልበርት ፊልሙን አልወደደችውም ነበር አሉ፤ ኦስካር ስታሸንፍ ባቡር ልትሳፈር ጣቢያ ሄዳ ከዚያ ነው ጠርተው ያመጧት። ፊልሙ ምርጥ ፊልም፣ ዳይሬክተር፣ ተዋናይ፣ ተዋናይት፣ የፊልም ጽሑፍ፣ አምስቱንም ትልልቅ ሽልማቶች ጠራርጎ ወሰደ። እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ነው።

በእነዚህ ግን አትጀምሪ። ቀዝቅዟል ያልሽኝን ሰው ጥቁርና ነጭ ፊልም ፊት አስቀምጦ «እየው፣ ታሪካዊ ነው» ማለት ሌላ ቅጣት ነው። በ«ካሚንግ ቱ አሜሪካ» ጀምሪ። የ1988ቱን ማለቴ ነው፤ በ2021 የመጣውን ተከታይ እርሺው። ምናልባት ልጅ ሳለ ቪዲዮ ቤት አይቶት ይሆናል። ከአፍሪካ የሄደ ልዑል፣ ቤተሰብ የመረጠለትን አላገባም ብሎ ኒውዮርክ ኩዊንስ ገብቶ የሃምበርገር ቤት ወለል ይወለውላል፤ ለማንነቱ የምትወደው ሴት ፍለጋ። ሀገር ቤት እያለን የምንስቀው በልዑሉ ነበር። አሜሪካ የኖራችሁት ደግሞ በመወልወያው ትስቃላችሁ መሰለኝ፤ እዚያ ሀገር ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ወለል ያልወለወለ ማን አለ? ፊልም ሲደጋገም የማይሰለቸው አንድም በዚህ ነው፤ እኛ ዕድሜና ቦታ ስንቀይር የምንስቅበት ቦታም ይቀየራል። የፀጉር ቤቱ ውስጥ የሚጨቃጨቁትን ሽማግሌዎች ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ፤ ነጩን ሽማግሌ ጨምሮ ከአንድ በላይ የሆኑት ኤዲ መርፊ ራሱ ነው።

የሁለታችሁ ቤተሰብ ጣልቃ ገብነት ካስቸገራችሁ (ልጅ መች ትወልዳላችሁ የሚሉ አይጠፉምና) የ2002ቱ «ማይ ቢግ ፋት ግሪክ ዌዲንግ» አለ። አባትየው ለማንኛውም ሕመም የመስታወት መጥረጊያ ይረጫል፣ እኛ ቤት ዳማከሴ እንደሚታዘዘው። ማንኛውም ቃል መነሻው ግሪክ ነው ባይ ነው። ስሙን ወደ አማርኛ ቀይሪው፣ አጎትሽ ነው። 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ከ360 ሚሊዮን በላይ ያስገባ ፊልም ነው፤ አጎት የሌለው ሕዝብ የለም ማለት ነው።

«ግራውንድሆግ ዴይ»ን፣ የ1993ቱን፣ ለብቻሽም ቢሆን እዪው። አንድ የአየር ሁኔታ ጋዜጠኛ በየማለዳው ሲነቃ ያው ቀን ነው፤ ፌብሯሪ 2፣ ያው ሆቴል፣ ያው ዘፈን በሬዲዮ። የወደዳትን ሴት ለመያዝ የምትወደውን መጠጥ፣ የምትወደውን ግጥም ይሸመድድና በማግስቱ እንደ አጋጣሚ ያነሳላታል። በየምሽቱ በጥፊ ትለዋለች። ሽምደዳውን ትቶ የከተማውን ሰው መርዳት ሲጀምር ነው ነገሩ የሚቀየረው። ይሄን የማነሳልሽ ለምክንያት ነው። ንግግሩን ከእነሱ ቀድሜ እናገራለሁ ብለሽኛል። ከባልሽ ጋር ስታዪ አፍሽን ያዢ። የሚያስቀው ነገር ሊመጣ ሲል ዞር ብለሽ ፊቱን አትዪ። በክርንሽ ጎሸም አድርገሽ «አየህ፣ እንደዚህ ነው ለሚስት የሚባለው» አትበዪው። በዚህ የተነሳ ሮማንቲክ ኮሜዲ የጠሉ ወንዶች ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ። «ሮማን ሆሊዴይ» ግሩም ነው፤ ግን በመለያየት ያልቃል፣ ስለዚህ አሁን አይሆናችሁም። እርቁ ከሰነበተ በኋላ እዩትና ግሪጎሪ ፔክ እጁን በእጅጌው ውስጥ ደብቆ ኦድሪ ሄፕበርንን ሲያስደነግጣት ተመልከቱ፤ አስቀድሞ ስላልነገራት ጩኸቷ የእውነት ነው። «ፕሪቲ ውማን»ን ለጊዜው ተዪው። ችግሩ ሁሉ በአንድ ሀብታም የባንክ ካርድ የሚፈታ ፊልም፣ ሌሊት ፓርኪንግ ለሚሠራ ባል የመጀመሪያ ግብዣ አይሆንም። ያንቺን ጸሐፊ ሥራ ተጨማሪ ከፈለግሽ የ1998ቱ «ዩቭ ጎት ሜይል» አለ፤ ራሷ ኤፍሮን ናት ያዘጋጀችው። እኔ ግን እናቱን፣ እሱ የተቀዳበትን የ1940ውን «ዘ ሾፕ አራውንድ ዘ ኮርነር»ን አስበልጣለሁ፤ ቡዳፔስት አንድ ሱቅ ውስጥ ቀን ሙሉ የሚጨቃጨቁ ሁለት ሻጮች፣ ማታ ማታ ሳይተዋወቁ የሚጻጻፉት የፍቅር ደብዳቤ የእርስ በርስ ሆኖ ይገኛል።

የሀገራችንንም አልረሳሁም። ዲጂታል ካሜራ ከገባ ወዲህ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች በር ላይ የሚለጠፈው ፖስተር ግማሹ «ሮማንቲክ ኮሜዲ» የሚል ነበር፤ አንዳንዱ ሮማንቲኩም ኮሜዲውም የለበትም እንጂ። እዚህ ላይ እኔ ከምመርጥልሽ እሱን ጠይቂው። አምባሳደር ወረፋ ተሰልፎ ያየው፣ ከጓደኞቹ ጋር እስከ ዛሬ ቃሉን የሚጠቅሰው አንድ ፊልም አይጠፋውም። አንቺ የሱን አንድ ጊዜ፣ እሱ ያንቺን አንድ ጊዜ። የሱ ካልጣመሽም ቁጭ ብለሽ ጨርሺው። ቡና ይፈላ፣ ፈንዲሻው ይቅረብ። ሥራ አድሮ የገባበት ጠዋት ግን አይሁን፤ ኦፍ የሚሆንበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ። የሃሪና ሳሊን ፊልም ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ አስቀምጪው። ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም።

እስከዚያው ግን ኦፍ ቀኑን አትጠብቂ። ሌሊት ብሬኩ ስንት ሰዓት ላይ ነው? 9 ዓመት አብረሽው ኖረሽ የማታውቂው ከሆነ አትፈሪ፣ ዛሬ ጠይቂው። በዚያ ሰዓት ደውዪለት። መጀመሪያ ስለ ፊልም አታንሺ፤ «በልተሃል? ብርዱ እንዴት ነው?» በዪው። ከብርዱ ጀምሪ፣ እሱም የጀመረው ከዚያ ነውና። ሲላላልሽ «ካዛብላንካ»ን ክፈቺና የምታዪውን ንገሪው። እሱ ማየት ባይችልም ይሰማል፤ አውሮፕላኑ ጋ ስትደርሺ ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ትሂድ ወይስ ከባለ ቡና ቤቱ ጋር ትቅር ብለሽ ጠይቂው።

ምን እንዳለሽ ጻፊልኝ። እኔ በበኩሌ ከባለ ቡና ቤቱ ጋር ነኝ፤ ባለቤቴ ይሄን ዓምድ አያነብም።